ኮቪድ ሲያገረሽ የቤት ውስጥ መመርመሪያ፦ ከየት፣ የትኛውን፣ ለማን?

ኮቪድ ጋብ ባለበት ወቅት የቤት ውስጥ መመርመሪያ በየመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ይከርማል፤ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ስርጭቱ ሲያገረሽ ግን ያንኑ ዕቃ ሰው ተሰልፎም ያጣዋል። የዓለም ጤና ድርጅት አዲሱን የቫይረሱን ዝርያ ኦሚክሮን ብሎ ስም ሰጥቶ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 2021 ነበር። በቀጣዩ ወር በእንግሊዝ መንግሥት መመርመሪያ በነፃ የሚያድልበት ድረ ገጽ ትእዛዝ መቀበል እስኪያቅተው ተጨናነቀ። በአሜሪካና በአውስትራሊያም ሰዎች ከአንዱ መድኃኒት ቤት ወደ ሌላው ሲዞሩ ሰነበቱ።

በእንዲህ ያለ ሰሞን «ምርጡ መመርመሪያ የትኛው ነው?» ብሎ የሚነሳ ሰው በከንቱ ይደክማል። ምርጡ የሚደርሰው ከሳምንት በኋላ ከሆነ ዛሬ ለሚወሰነው ነገር አይረባም። እኔ የምመክረው አመራረጥ በሁለት ጥያቄዎች ላይ የቆመ ነው። መልሱ እስከ መቼ ነው የሚያስፈልጋችሁ? መልሱ ሲመጣስ የምታደርጉት ነገር ይለወጣል ወይ? ምንም የማይለወጥ ከሆነ ያን መመርመሪያ ለሌላ ቀን ማኖር ይሻላል።

ሦስቱ የምርመራ ዓይነቶች

ለቤት ከሚሸጠው ውስጥ አብዛኛው የአንቲጂን ምርመራ ነው። ከአፍንጫ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ከቫይረሱ ፕሮቲኖች አንዱን፣ ብዙውን ጊዜ ኑክሊዮካፕሲድ የሚባለውን፣ ይፈልጋል። ያገኘውን አያባዛም፤ ስለዚህ ተይዘሃል የሚለው መስመር መመርመሪያው ላይ እንዲወጣ አፍንጫ ውስጥ በቂ ቫይረስ መኖር አለበት። ጥቅሙም ጉድለቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ያለ ባለሙያና ያለ ላቦራቶሪ በ15 ደቂቃ ገደማ መልስ ይሰጣል፤ ሕመሙ በጀመረበት ዕለት ግን ቫይረሱ ገና ስላልበዛ ሊስተው ይችላል።

ፒሲአር የቫይረሱን የዘር ቅንጣት ደጋግሞ እያባዛ ስለሚፈልግ ጥቂትም ቢሆን ያገኘዋል። ናሙናው ግን ወደ ላቦራቶሪ መሄድ አለበት። በደህናው ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን የሚደርሰው ውጤት ስርጭቱ ሲያይል ወረፋ ውስጥ ይገባና ብዙ ቀን ይፈጃል። ትኩሳቱ ለቆት፣ ወደ ሥራው ተመልሶ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ምሳ ከበላ በኋላ «ተይዘሃል» የሚል መልእክት የሚደርሰው ሰው ምን ያደርግበታል? ሌላም ጣጣ አለው። ሰውየው ቫይረሱን ማስተላለፍ ካቆመ በኋላም ፒሲአር ለሳምንታት ፖዘቲቭ ማለቱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ «አሁን ከሰው ጋር ልቀላቀል?» ለሚለው ጥያቄ ይበልጥ የሚጠቅመው ያው የሚናቀው የአንቲጂን ምርመራ ነው።

ሦስተኛው በሁለቱ መካከል የሚቆም፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሞለኪዩላር ምርመራ ነው። እንደ ፒሲአር የዘር ቅንጣቱን ያባዛል፤ ግን ከእጅ በማይበልጥ መሣሪያ፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከናሙና እስከ ውጤት ሙሉ በሙሉ ቤት ውስጥ እንዲሠራ መጀመሪያ የፈቀደው ምርመራ፣ ሉሲራ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 የተፈቀደው ከዚህ ወገን ነው። ጥራቱ አያጠያይቅም፤ ዋጋው ግን ከአንቲጂኑ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ በጭንቅ ቀንም እንደ ልብ አይገኝም። ቤቱ ውስጥ በሽታ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ካለና ገንዘቡ ካለ አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀመጥ ያዋጣል። ለሌላው ሰው ግን በአንዱ ሞለኪዩላር ዋጋ ብዙ አንቲጂን መግዛት የተሻለ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም አንቲጂን የሚጠቅመው ሲደጋገም ነው።

ኢንፍሉዌንዛም አብሮ በሚዛመትበት ወቅት ሁለቱንም በአንድ ናሙና የሚለዩ የቤት መመርመሪያዎች አሉ። በአሜሪካ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጠው የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በፌብሩወሪ 2023 ተፈቅዷል። ተጨማሪውን ገንዘብ የሚያወጡበት አንድ ጥሩ ምክንያት አለ፤ የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው ምልክቱ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነውና መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው ቶሎ መለየት አለበት። አርፎ ተኝቶ የሚድን ጎልማሳ ግን የሁለቱን በሽታዎች ስም ለመለየት ብሎ ገንዘብ ባያወጣ ይሻለዋል።

ስርጭቱ ሲጨምር የውጤቱ ትርጉም ይለወጣል

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያደሰው ግምገማ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ሲያጠናቅር፣ ፈጣን የአንቲጂን ምርመራዎች ምልክት ካለባቸው የተያዙ ሰዎች በአማካይ 73 በመቶውን፣ ምልክት ከሌለባቸው ደግሞ 55 በመቶውን ያህል እንደሚያገኙ አሳይቷል። ያልተያዘውን ሰው በትክክል ነፃ በማለት ረገድ ግን ከ99 በመቶ በላይ ናቸው። በአጭሩ፣ መመርመሪያው ተይዘሃል ካለ አይዋሽም ማለት ይቻላል፤ አልተያዝክም ሲል ግን ያመልጠዋል።

አሁን ይህንን በሁለት ወቅቶች እንመልከተው። ስርጭቱ ጋብ ባለበት ጊዜ ጉንፋን የመሰለ ምልክት ካለባቸው 100 ሰዎች መካከል ኮቪድ የያዛቸው 5 ብቻ ናቸው እንበል። ምርመራው ከ5ቱ አንድ ሰው ብቻ፣ ቢበዛ ሁለት፣ ይስታል። ኔጌቲቭ ከወጣላቸው 95 ያህል ሰዎች ውስጥ የተያዘው አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው፤ ኔጌቲቩ ይታመናል። ስርጭቱ ሲያገረሽ ከ100ዎቹ 40ዎቹ ተይዘዋል እንበል። ምርመራው 29ኙን አግኝቶ 11ዱን ይስታል። ኔጌቲቭ ከወጣላቸው 70 ያህል ሰዎች መካከል እነዚያ 11 አሉ፤ ከስድስት ሰው አንዱ መሆኑ ነው። መመርመሪያው ያው ነው፣ ፋብሪካው ያው ነው፣ የኔጌቲቩ ተአማኒነት ግን ወርዷል። ኔጌቲቭን አምነን አዛውንት ልንጠይቅ የምንሄደው ደግሞ በዚሁ ሰሞን ነው።

ከዚህ ሁለት የተግባር ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው፣ በማገርሸት ወቅት ምልክት ያለበት ሰው ፖዘቲቭ ከወጣለት አለቀ፤ ሁለተኛ መመርመሪያ «ለማረጋገጥ» ማባከን አያስፈልግም። መስመሯ የደበዘዘች ብትሆንም፣ መመሪያው በሚለው ደቂቃ ውስጥ እስከታየች ድረስ፣ ፖዘቲቭ ፖዘቲቭ ነው። (የደበዘዘችውን መስመር በመስኮት ብርሃን፣ በስልክ መብራት፣ ከዚያም በጎረቤት ዓይን የሚያስመረምር ሰው የማያውቅ አለ?) ሁለተኛው፣ አንድ ኔጌቲቭ ብቻውን ፈቃድ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2022 ጀምሮ የሚመክረው ምልክት ያለበት ሰው ኔጌቲቭ ከወጣለት ከ48 ሰዓት በኋላ እንዲደግም ነው፤ ምልክት የሌለበትና ከተያዘ ሰው ጋር የነበረ ደግሞ በየ48 ሰዓቱ በድምሩ ሦስት ጊዜ። ስለዚህ ስትገዙ ሒሳቡን የምትሠሩት በሰው አንድ ብላችሁ ሳይሆን ምልክት ለሚታይበት ሰው ቢያንስ ሁለት ብላችሁ ነው።

ከየት ይገኛል?

መንገዶቹን የማወዳድረው እጃችሁ እስኪገባ በሚፈጀው ጊዜና በምን ያህል እንደሚታመኑ ነው። ዋጋ ሦስተኛ ይመጣል፤ በነፃ የሚመጣ ነገር ከዘገየ ዛሬ ለታመመው ሰው ምኑም አይደለም።

በአካል ሄዶ ከመድኃኒት ቤት መግዛት ፈጣኑ መንገድ ነው፤ ዕቃው ካለ። ድረ ገጻቸው «አለ» የሚለው ከትናንት የቀረ መረጃ ሊሆን ስለሚችል ከመነሳታችሁ በፊት ደውሉ። የምትጠይቁትም «አለ ወይ?» ብቻ አይሁን፤ አዲስ ዕቃ በየትኛው ቀንና በስንት ሰዓት እንደሚገባ ጠይቁ። በጠዋት የገባው እስከ ምሳ ሰዓት ሊያልቅ ይችላል። ትልልቆቹ መድኃኒት ቤቶች ሲያልቅባቸው ትንንሾቹ ጋ፣ እንዲሁም መድኃኒት ቤት ባልሆኑ ሱፐርማርኬቶች ውስጥ፣ ሊገኝ ይችላል። ደግሞ አንድ ነገር፤ ምልክት ያለበት ሰው ራሱ እየዞረ መፈለግ የለበትም። ጤነኛ የቤተሰብ አባል ወይም ጎረቤት ይላክ፣ ካልሆነም በር ድረስ የሚያደርስ አገልግሎት ይታዘዝ።

በኢንተርኔት ማዘዝ ለዛሬ አይሆንም፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ግን ጥሩ ነው። ከአምራቹ ራሱ ወይም ከታወቀ ቸርቻሪ ከሆነ አስተማማኝ ነው። ማንም ሰው ገብቶ በሚሸጥባቸው የገበያ ድረ ገጾች ላይ ግን ሻጩ ማን እንደሆነ ሳያጣሩ አለመግዛት ነው። እጥረት ባለበት ሐሰተኛ ዕቃ አይጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የአይሄልዝንና የፍሎውፍሌክስን ስም የያዙ ሐሰተኛ መመርመሪያዎች ገበያ ላይ እንዳሉ አስጠንቅቆ ነበር።

መንግሥት የሚያድለው ከአገር አገር ይለያያል፤ ልዩነቱም ብዙ ያስተምራል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 መጨረሻ ጀምራ፣ ኦሚክሮን ገና ሳይታወቅ፣ ለእያንዳንዱ ቤት ስድስት ስድስት መመርመሪያ በፖስታ ላከች። አሜሪካ በበኩሏ ለእያንዳንዱ አድራሻ አራት መመርመሪያ ማዘዣ የሚሆነውን ድረ ገጽ የከፈተችው እ.ኤ.አ. በጃንዩወሪ 2022 አጋማሽ፣ ስርጭቱ ጣራ በነካበት ሰሞን ነው። ያኔ እንደታዘዘ የሚላከው ከ7 እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሆነ ተነግሮ ነበር፤ ያን ቀን ላመመው ሰው ሳጥኑ የሚደርሰው ከዳነ በኋላ ነው። ደቡብ ኮሪያ ሌላ መንገድ መረጠች። እ.ኤ.አ. በፌብሩወሪ 2022 ፒሲአሩን በቅድሚያ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑና ለከፋ ሕመም ለተጋለጡ አደረገች፤ የቤት መመርመሪያን በኢንተርኔት መሸጥ አግዳም በመድኃኒት ቤቶችና በሰፈር ሱቆች ብቻ፣ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከአምስት ሳይበልጥ፣ እንዲሸጥ አዘዘች። አውስትራሊያ ደግሞ ገዝተው ከ20 በመቶ በላይ ትርፍ ጨምረው የሚሸጡትን በሕግ ከለከለች።

ከእነዚህ ውስጥ ለግለሰብ የሚተርፈው ትምህርት አንድ ነው፤ የመንግሥት ዕደላ በሩ ተከፍቶ ባለበት ጊዜ፣ ማንም ሳይታመም፣ ዕለቱኑ ማዘዝ ነው። በሩ ክፍት ሆኖ አይቆይምና። በእንግሊዝ ለሁሉም በነፃ ይታደል የነበረው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ቆመ፤ የአሜሪካው የፖስታ ዕደላም ከአንዴ በላይ ተዘግቶ ከተከፈተ በኋላ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ቆሟል። የጤና መድን ያላቸውም መድናቸው ዛሬ ምን እንደሚሸፍን መጠየቅ አለባቸው። በአሜሪካ መድን ሰጪዎች በወር ለአንድ ሰው የስምንት መመርመሪያ ወጪ እንዲሸፍኑ ያስገድድ የነበረው ደንብ እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 2023 አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው እንደ መድኑ ዓይነት ነው።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው፣ ብዙ ሰው ግን የማያስበው መንገድ ቅርብ ያሉ ተቋማትን መጠየቅ ነው። ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ የእምነት ተቋማትና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች በብዙ አገር ለዕደላ የተሰጣቸው ክምችት ነበራቸው፤ ማስታወቂያ ስለማይለጠፍ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ወረፋ የለውም፣ ዋጋ የለውም፣ የዚያኑ ዕለት እጅ ይገባል። ጉድለቱ የአገልግሎት ጊዜው ያለፈ ወይም ሊያልፍ የተቃረበ ዕቃ ሊሆን መቻሉ ነው፤ እሱን ከታች እናየዋለን።

ክሊኒክ ሄዶ መመርመርን የምመርጠው ለሦስት ዓይነት ሰው ነው። ምልክቱ ጠንቶ እያለ ቤት ውስጥ ደጋግሞ ኔጌቲቭ ለሚወጣለት፣ ለሥራ ወይም ለጉዞ የተረጋገጠ ወረቀት ለሚፈለግበት፣ እና መድኃኒት መጀመር ለሚገባው። ሌላው ሰው ለአንድ መልስ ብሎ በታማሚ በተሞላ መጠባበቂያ ክፍል ውስጥ ሰዓታት መቀመጡ ያልነበረበትን ይዞ እንዲወጣ ሊያደርገው ይችላል።

ያለችውን ማብቃቃት

ቤት ውስጥ አምስት ሰው አለ፣ መመርመሪያው አራት ነው እንበል። ሁሉንም በአንድ ቀን መርምሮ መጨረስ በጣም የተለመደ ነው፤ በጣም የማይረባ አጠቃቀምም እሱ ነው። በመጀመሪያ የሚመረመረው ምልክት ያለበት ሰው ነው። እሱ ፖዘቲቭ ከወጣና ከሁለት ቀን በኋላ እኅቱም ማሳል ከጀመረች፣ እሷን መመርመር የሚለውጠው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ እንደተያዘች ቆጥራ ራሷን ትለይ። መመርመሪያው ይቀመጥ።

ከዚህ የሚለየው ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ነው። በዕድሜ የገፉ፣ የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው፣ የስኳር ሕመምተኞች፣ በሽታ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ሁልጊዜ ቅድሚያ ይሰጣቸው። ፓክስሎቪድ የሚባለው የኮቪድ መድኃኒት ምልክቱ በጀመረ በአምስት ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፤ ስለዚህ የአንድ ቀን መዘግየት እንኳ ዋጋ አለው። ከሌሎች ብዙ መድኃኒቶች ጋር ስለማይስማማም የሚወሰዱትን ሁሉ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። ለእንዲህ ያለ ሰው ሁለት መመርመሪያ፣ ማንም እንዳይነካው ተብሎ፣ ለብቻው ይቀመጥ።

ሰው ለመጠየቅ ወይም ለድግስ ከመሄድ በፊት የሚደረግ ምርመራ የሚጠቅመው ልትወጡ ስትሉ ከሆነ ነው። የአንቲጂን ውጤት የሚናገረው ስለዚያች ሰዓት ነው፤ ትናንት ማታ ኔጌቲቭ የነበረ ሰው ዛሬ ከሰዓት አስተላላፊ ሊሆን ይችላል። ምልክት ካለባችሁ ግን ኔጌቲቭ ቢወጣም አትሂዱ፤ የላይኛውን የ«ከስድስት አንዱ» ሒሳብ አስታውሱ። ታዲያ ላለመሄድ ከወሰናችሁ ለምን ትመረመራላችሁ?

ከለይቶ መቆየት ለመውጣት መጠቀምም ጥሩ ነው፤ ክምችቱ ካለ ብቻ። ከሌለ የአካባቢያችሁ ጤና ባለሥልጣን በቀን ቆጥሮ ያስቀመጠውን ደንብ መከተልና በሰው መካከል ጥሩ ማስክ ማድረግ ይበቃል።

መመርመሪያ ለመቆጠብ ሲባል የሁለት ሰው ናሙና በአንድ ማስገቢያ ፈሳሽ ውስጥ የሚነክሩ አሉ። ለቤት የሚሸጠው ዕቃ ለዚህ አልተሠራም፤ ኔጌቲቩ ለማንም አይሠራም፣ ፖዘቲቩ የማን እንደሆነ አይታወቅም። መመሪያው ስለ አፍንጫ ብቻ ሲናገር ጉሮሮ መጨመርም እንደዚሁ ነው። አንዳንድ መመርመሪያዎች ከጉሮሮም ናሙና እንዲወሰድ ያዛሉ፣ አንዳንዶቹ አይሉም፤ በእጃችሁ ያለው የሚለውን አድርጉ። ናሙናው ሲወሰድም ጥጡን አፍንጫ በር ላይ አስነክቶ ማውጣት አይበቃም። መጀመሪያ ተናፈጡ፣ ከዚያ በሁለቱም አፍንጫ ቀዳዳ ግድግዳውን እየታከከ የተባለውን ያህል ጊዜ ይዙር። በእጥረት ጊዜ በደንብ ያልተወሰደ ናሙና አንድ መመርመሪያ እንደ መጣል ነው።

ከመክፈላችሁና ከመክፈታችሁ በፊት

ከውጪ ስሙ ባይታወቅም፣ የአገራችሁ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቅዶት ከሆነ ግዙት፤ ስም ፍለጋ መዞር አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ለፈጣን አንቲጂን ምርመራ የሚጠይቀው ዝቅተኛ መስፈርት ከተያዙት ቢያንስ 80 በመቶውን ማግኘትና ካልተያዙት ቢያንስ 97 በመቶውን ነፃ ማለት ነው፤ ድርጅቱ በቤት ራስን መመርመርን እንደ አማራጭ የመከረውም እ.ኤ.አ. በማርች 2022 ነው። ሳጥኑ ላይ «ለባለሙያ ብቻ» የሚል ካለ ግን ለቤት የተሠራ አይደለም፤ ናሙና አወሳሰዱም ጥልቅ ሊሆን ስለሚችል ተዉት።

ሳጥኑን አገላብጡ። የተሳሳተ ፊደል፣ የቡድን ቁጥር (አብረው የተመረቱት ዕቃዎች የጋራ መለያ) ወይም የማብቂያ ቀን አለመኖር፣ በውጭና በውስጥ የማይመሳሰል ቁጥር፣ የመመሪያ ወረቀት መጉደል፣ የተቀደደ ማሸጊያ፤ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ አትክፈሉ።

የማብቂያ ቀኑ ያለፈውን ግን ሳታጣሩ አትጣሉ። ብዙዎቹ መመርመሪያዎች ገበያ የወጡት የጥቂት ወራት ዕድሜ ተሰጥቷቸው ነው፤ ዕቃው ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳየው ጥናት ገና ስላላለቀ ነበር። ጥናቱ ሲያልቅ የብዙዎቹ ቀን ተራዝሟል። የአምራቹ ወይም የተቆጣጣሪው ድረ ገጽ ላይ በቡድን ቁጥሩ ፈልጋችሁ አዲሱን ቀን ማግኘት ትችላላችሁ። ሳይራዘም ያለፈበት ከሆነ ተዉት፤ ፈሳሹ ሊደርቅ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ንጥረ ነገር ሊዳከም ይችላል።

ሙቀቱንም አስቡ። አብዛኞቹ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ከዚያ በላይ ይሞቃል። በብርድ ወቅት በር ላይ ያደረ ሳጥን ደግሞ ሳይከፈት ቤት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ከዚያ ሲመረመር በእንግሊዝኛው «ሲ» ፊደል አጠገብ ያለው የቁጥጥር መስመር መውጣቱን እዩ። እሱ ካልወጣ ዕቃው አልሠራም፤ ኔጌቲቭ ብሎ ማንበብ ስሕተት ነው። ከተባለው ደቂቃ በኋላ የመጣ መስመርም አይቆጠርም። ፈሳሹን ሕፃናት እንዳያገኙት አርቁ፤ አንዳንዶቹ ውስጥ ሶዲየም አዛይድ የተባለ መርዛማ ነገር በትንሹ አለ።

መቼ ይገዛ? በፍሳሽ ውኃ ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን እየለኩ በየሳምንቱ የሚያወጡ ከተሞች አሉ፤ ቁጥሩ የሚጨምረው የሆስፒታል አልጋ መሙላት ከመጀመሩ በፊት ነው። እናንተ ባላችሁበት ከተማ ይህ ከታተመ፣ ቁጥሩ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ሲጨምር ካያችሁ ያኔ ግዙ። በቂ የሚሆነው ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ነው። ሠላሳና አርባ ሳጥን ማከማቸት ለሌላው ሰው እጥረቱን ያባብሰዋል፤ ለራሳችሁም የማብቂያ ቀኑ ካለፈበት ክምር ሌላ የሚያተርፍላችሁ ነገር የለም።

ምንም ካልተገኘ

ይህም አማራጭ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለው እሱ ይሆናል። ስርጭቱ ባየለበት ሰሞን ያሳለ፣ ያተኮሰ፣ ጉሮሮው የቆሰለ ሰው መመርመሪያ ፍለጋ ከሚዞር ተይዣለሁ ብሎ ቢቀመጥ ይሻላል። ከሌላው ተለይቶ ይተኛ፣ መስኮት ይከፈት፣ በጋራ ክፍል ውስጥ ማስክ ያድርግ። ኮቪድ ባይሆን እንኳ የያዘውን ለሌላው አያስተላልፍም።

ለከፋ ሕመም የተጋለጠ ሰው ከሆነ ግን መመርመሪያ አጣሁ ብሎ ዝም ማለት የለበትም። ሐኪም ደውሎ ምልክቱ የጀመረበትን ቀን ይንገር፤ አምስቱ ቀን የሚቆጠረው ምርመራው ከተደረገበት ሳይሆን ከዚያ ቀን ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከፌብሩወሪ 2023 ጀምሮ ፓክስሎቪድ ለማዘዝ የምርመራ ውጤት ግዴታ መሆኑ ቀርቷል፤ ሌላ አገር ያላችሁ ደግሞ በምልክት ብቻ ማዘዝ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ የደረት ሕመም ወይም ጫና፣ ግራ መጋባት፣ ከእንቅልፍ መንቃት አለመቻል፣ የከንፈር ወይም የጥፍር መጥቆር ከታየ ምርመራ አይጠበቅም፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት።